«በእኛ ዘር መንታ ታይቶ አይታወቅም» ተባልኩ

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን የምሠራው በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ትዳር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በአማቴ ግቢ ውስጥ ነው። አሁን የ15 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በ13ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ስነሣ ሐኪሙ «መንታ ናቸው፤ ከአንድ የተከፈሉ ናቸው፤ እንግዴ ልጃቸው አንድ ነው፤ በመካከላቸው ግን ስስ ሽፋን ይታየኛል» አለኝና ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ እንድታይ አዘዘኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ደም ስለሚጋሩ አንዱ በሌላው ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ተረኛውን ጠራ።

ቤት ገብቼ ስናገር አማቴ እልል አሉ። በማግስቱ ግን ቡና ላይ «በእኛ ዘር መንታ ታይቶ አይታወቅም፤ ከየት መጣ?» አሉ። አብራን ቡና የምትጠጣ ጎረቤታችን ደግሞ «መንታ ከአንድ ወንድ ብቻ አይገኝም ሲባል ሰምቻለሁ» ብላ ሳቀች። አማቴ አልሳቁም። ማታ ባለቤቴ «ከእናንተስ ወገን መንታ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እስከማውቀው ድረስ የለም አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እርግዝናዬ እምብዛም አያነሣም። እኔ ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ጭንቀት አለብኝ። የወር አበባዬ ቀኑን ስቶ አያውቅም ነበር። በቀረ በአራተኛው ቀን፣ ማርገዜን ገና ሳላውቅ፣ ከአቶቴ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና በሆዴ ወደቅሁ። ሐኪሙ «ከአንድ የተከፈሉ» ሲል ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ ቀን ነው። አንድ የነበረውን ልጄን ለሁለት የሰነጠቅሁት እኔ እንደሆንኩ ይሰማኛል። በየሁለት ሳምንቱ ፈቃድ መጠየቅም ከሥራ እንዳያስወጣኝ እሰጋለሁ። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠዋት ጠዋት አጥሚት የሚያፈሉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን «እኛ ይህን ሁሉ ስንወልድ ማን ማሽን አየን?» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር? ጥፋቱ የእኔ ነው? ለባለቤቴስ ምን ልበለው?

እህትዎ፣ ከሐዋሳ

የአዘጋጇ መልስ

እህቴ፣ ማብራሪያውን እስክታነቢ ድረስ በጭንቀት እንዳትቆዪ መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ። ልጆችሽን ለሁለት የከፈላቸው ያ አደጋ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ስለ ታማኝነትሽ የተወረወረው ነገር ደግሞ ምርመራሽ ራሱ የሚያፈርሰው ነው። ቀጠሮውን ግን በምንም ምክንያት እንዳትቀሪ። እነዚህን ሦስት መልሶች የሚያገናኛቸው ሐኪሙ በጥድፊያ ተናግሮት ያለፈውና አንቺን ያስፈራሽ ነገር ነው፤ ማለትም የልጆችሽ እንግዴ ልጅ አንድ መሆኑ። የምርመራ ወረቀትሽን ከፊትሽ አድርገሽ የምጽፍልሽን በእርጋታ እንድታነቢልኝ እለምንሻለሁ።

አንዲት ሴት የወር አበባዋ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት ቀን 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ከእንቁላል ማምረቻዎቿ ከአንዱ ይወጣል። እንቁላሉ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሆኖ የወንድ ዘር ፍሬን ሊቀበል የሚችለው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። አንድ የዘር ፍሬ ከገባ በኋላ የእንቁላሉ ሽፋን ተለውጦ ለሌሎቹ ይዘጋል። ከእናት የመጡት 23 ክሮሞዞሞችና ከአባት የመጡት 23 ክሮሞዞሞች ተገናኝተው አንዲት ሕዋስ ይሆናሉ፤ ያቺ ሕዋስ ወደ ማህፀን እየተጓዘች ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ በሦስተኛው ቀን ስምንት ገደማ ትሆናለች። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ፅንሱ ወደ መቶ የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉት፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ፣ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያህል የሚሆን እንክብል ነው። የውጭኛው ረድፍ ሕዋሳት እንግዴ ልጁን የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ልጁ የሚሠራው ግን በውስጥ በኩል በአንድ ጎን ከተሰበሰቡት ጥቂት ሕዋሳት ነው። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ደግሞ ይህ እንክብል በማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ይጀምራል።

መንታ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በዚያ ወር ሁለት እንቁላሎች ወጥተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የዘር ፍሬ ሲፀነሱ ነው። እነዚህ በአንድ ማህፀን አብረው ያደጉ እንጂ በዘር ውርሳቸው በተለያየ ጊዜ ከተወለዱ ወንድምና እህት የበለጠ የሚቀራረቡ አይደሉም፤ አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ሊሆኑ፣ በመልክም በጭራሽ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ሁለተኛው መንገድ የአንቺ ነው። አንድ እንቁላል በአንድ የዘር ፍሬ ከተፀነሰ በኋላ ያ አንድ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ይለያል። ሲለያይ ግን ግማሽና ግማሽ አይሆንም። በዚያ ዕድሜ ያሉት ሕዋሳት እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ልጅ ለመሥራት የሚያስችል አቅም አላቸው። አንቺ ባለሽበት በሲዳማ ምድር አንዲቱ የእንሰት አሚቾ ተቀብራ ብዙ ችግኝ ስትሰጥ አይተሽ ይሆናል፤ ከእነዚያ ችግኞች አንዱም ጎዶሎ አይደለም፣ እያንዳንዱ የእናቲቱ ዓይነት ሙሉ እንሰት ሆኖ ያድጋል። «ሰነጠቅሁት» የሚለውን ቃል ከልብሽ እንድታወጪው የምሻው ለዚህ ነው፤ የተሰበረ ልጅ የለም፣ ከመጀመሪያው ሙሉ ሆነው የጀመሩ ሁለት ልጆች እንጂ።

የሚለያዩበት ቀን ደግሞ በማህፀን ውስጥ ምልክቱን ትቶ ያልፋል። ክፍፍሉ ከፅንሰቱ በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሆነ፣ እንግዴ ልጅ የሚሠሩት ሕዋሳት ገና ስላልተለዩ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ እንግዴ ልጅና የራሱ የሽርት ውሃ ከረጢት ይኖረዋል፤ ከአንድ እንቁላል ከሚገኙት መንትዮች ሲሶ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሆነ፣ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ቀድመው ተለይተዋልና እንግዴ ልጁ አንድ ይሆናል፤ የሽርት ውሃ ከረጢቱ ግን ገና ስላልተሠራ ለየብቻ ይሆናል። አብዛኞቹ ከአንድ እንቁላል የሚገኙ መንትዮች ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሐኪሙ «በመካከላቸው ስስ ሽፋን ይታየኛል» ያለሽም ይህንኑ ነው። ከስምንተኛው ቀን እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ዘግይቶ ከሆነ እንግዴ ልጁም ከረጢቱም አንድ ይሆንና የልጆቹ እትብት እርስ በርሱ የመጠላለፍ አደጋ ይኖረዋል፤ ይህ ግን ከመቶ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ከዚያም ከዘገየ ልጆቹ ሳይላቀቁ ተጣብቀው ያድጋሉ። ስለዚህ ያ ስስ ሽፋን የምሥራች ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ውሃ ውስጥ በራሱ እትብት ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

አሁን ባጃጁ ወደተገለበጠበት ቀን እንመለስ። የወር አበባሽ ቀኑን የማይስት ከነበረ፣ መምጣት በነበረበት ቀን ፅንሱ 14 ቀን ገደማ ሆኖት ነበር። አንቺ የወደቅሽው ከዚያ በአራተኛው ቀን ስለሆነ 18 ቀን ያህል ሞልቶት ነበር ማለት ነው። ልጆችሽ የተለያዩት ደግሞ፣ እንግዴ ልጁና ሽፋኑ እንደሚመሰክሩት፣ ዘግይቶ ቢባል በስምንተኛው ቀን አካባቢ ነው። አንቺ በተሳፈርሽበት ሰዓት ሁለቱ ከተለያዩ አሥር ቀን ያህል አልፏቸው፣ በማህፀንሽ ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው እያደጉ ነበር። ያ መውደቅ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወድቀሽ ቢሆንም እንኳ መልሱ አይለወጥም ነበር፤ መውደቅ፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ የተጣበቀ ሙዝ መብላት፣ ድንጋጤ፣ ከእነዚህ አንዱም ፅንስን ለሁለት እንደማይከፍል እወቂ። ፅንስ ለምን እንደሚለያይ ሳይንስ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። በ2021 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ከአንድ እንቁላል መንታ ሆነው የተገኙ ሰዎች በዲኤንኤያቸው ላይ የጋራ የሆነ ኬሚካዊ ምልክት ይዘው እንደሚኖሩ አስታውቆ ነበር፤ ያ ምልክት የመከፈሉ ምክንያት ይሁን ውጤቱ ግን አልተለየም። እናት ያደረገችው ወይም ሳታደርግ የቀረችው ነገር ግን ከምክንያቶቹ ተርታ ገብቶ አያውቅም።

ይህን ካነበብሽ በኋላም ጸጸቱ ቢመላለስብሽ አትደነቂ። ለሳምንታት ብቻሽን የተሸከምሽው ነገር በአንድ ንባብ አይራገፍም። የአደጋውን ነገር ለሐኪምሽ ብትነግሪው ግን መልካም ነው፤ ጥፋት ስለሆነ አይደለም፣ በታሪክሽ ላይ እንዲመዘገብና አንቺም በአንደበትሽ ካወጣሽው በኋላ እንዲቀልልሽ ነው።

ወደ አማትሽ ንግግር ልለፍ። «በእኛ ዘር መንታ ታይቶ አይታወቅም» ሲሉ መንታ ሁሉ በዘር ይወረሳል ብለው አስበዋል፤ ይህ ሐሳብ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ከሁለት እንቁላል የሚገኘው መንታ በእርግጥ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ ምክንያቱም በአንድ ወር ሁለት እንቁላል የመልቀቅ ዝንባሌ ከእንቁላል አሳዳጊው ሆርሞን ጋር የተያያዘና በዘር የሚተላለፍ ነው። በእናቲቱ ዕድሜ፣ ቀደም ሲል በወለደችው ልጅ ብዛትና ለመፀነስ በሚሰጡ መድኃኒቶችም ከፍ ይላል። በናይጄሪያ ኢግቦ ኦራ የምትባል ከተማ መንታ በመብዛቱ የታወቀችው በዚሁ ዓይነት ነው። ልብ በይ፣ በዚህም ቢሆን ወሳኟ እንቁላሉን የምትለቀው ሴት ናት፤ ወንዱ ያንን ዝንባሌ ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፈው ይችል ይሆናል እንጂ ሚስቱ ስንት እንቁላል እንደምትለቅ አይወስንም። ስለዚህ በአማትሽ ዘር መንታ ኖረም አልኖረ ስለዚህ እርግዝና የሚናገረው ነገር አልነበረም።

የአንቺ ግን ከዚህም የተለየ ነው። ከአንድ እንቁላል የሚገኘው መንታ በዓለም ዙሪያ በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ከ1,000 ወሊዶች በአራቱ ገደማ የሚታይ ሲሆን በአብዛኛው በዘር የሚሄድ አይደለም። በእናንተም በእነሱም ወገን መንታ አለመኖሩ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያሉ መንትዮች የሚወለዱት በአመዛኙ መንታ በማያውቅ ቤት ነው። ባለቤትሽ «ከእናንተስ ወገን?» ብሎ ሲጠይቅሽ «የለም» ማለትሽ እውነተኛና በቂ መልስ ነበር፤ የሚያሳፍር አንዳች የለበትም።

ጎረቤትሽ የወረወረችውን ቃል ሳልመልስ ባልፈው ግን ቅር ይለኛል፤ በቡና ላይ በሳቅ የተነገረ ነገር ትዳር ሲያናጋ ዝም ማለት አይገባም። መንታ ከአንድ ወንድ ይገኛል፤ ይህ ደንቡ ነው። ርብቃ ዔሳውንና ያዕቆብን በአንድ ማህፀን ይዛ አንዱ ጠጉራም ሌላው ለስላሳ ሆነው ሲወለዱ የሁለቱም አባት ይስሐቅ ነበር፤ አማትሽ ይህን ታሪክ ያውቁታል። በሕክምና መዛግብት ከሁለት አባት የተገኙ መንትዮች አሉ፤ ይህ ግን እጅግ ብርቅ ከመሆኑም በላይ ሊሆን የሚችለው ሁለት እንቁላሎች በየራሳቸው ሲፀነሱ ብቻ ነው። አንድ እንቁላል ሁለት አባት ሊኖረው አይችልም። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ደግሞ ከአንድ እንቁላል የተገኙ ናቸው፤ ለየት ያሉ ጥቂት ገጠመኞች የተመዘገቡ ቢሆንም አብዛኞቹ ከማህፀን ውጪ በሚደረግ የማዳቀል ሕክምና የተፀነሱ በመሆናቸው አንቺን አይመለከቱም። እንግዲህ ሐሜቱን ለመመለስ መሐላም ምስክርም አያስፈልግሽም፤ በእጅሽ ያለው ወረቀት ይበቃል።

ነገር ግን ወረቀቱን ይዘሽ ባለቤትሽ ፊት እንደ ተከሳሽ እንድትቆሚ አልመክርሽም። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የባለቤትሽ ዝምታ ጥርጣሬ መሆኑን በምን አወቅሽ? በቃል ነግሮሻል ወይስ ከእናቱ ንግግር ጋር አያይዘሽ የደመደምሽው ነው? እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ እሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀሽ። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ማሳደግ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ በእናት ግቢ መኖር እስከ መቼ እንደሚያዛልቅ፣ «አንዱ በሌላው ሊጎዳ ይችላል» የተባለው ነገር፣ እነዚህ ሁሉ አንድን ወጣት አባት ዝም ሊያሰኙት ይችላሉ። ልክ አንቺ መውደቅሽን ከእሱ እንደ ደበቅሽው፣ እሱም የደበቀሽ ፍርሃት ይኖረው ይሆናል። አማትሽም ጎረቤትም በሌሉበት ሰዓት፣ ምናልባት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ብላችሁ፣ መጀመሪያ ያንቺን ንገሪው፦ «ከባጃጅ ወድቄ ነበር፤ ልጆቹን የጎዳሁ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ስጨነቅ ቆየሁ» በይው። ከዚያም «አንተስ ምን ያስጨንቅሃል?» ብለሽ ጠይቂውና መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው። የጎረቤታችሁ ወሬ ልቡን ነክቶት ከሆነም በዚያ ሰዓት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከላይ የጻፍኩልሽን ልታነቢለት ትችያለሽ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በሚቀጥለው ሳምንት አብሮሽ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሐኪሙን «ሽፋኑን ለባለቤቴ ያሳዩልኝ» በዪው። በማሽኑ ላይ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ የሚታይ መስመር አለ፤ ያ መስመር ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጥ ያለ የ«ቲ» ቅርጽ ካለው እንግዴ ልጁ አንድ ነው፤ ሁለት እንግዴ ልጆች ቢኖሩ ኖሮ መገናኛው ላይ ወፈር ያለ ሦስት ማዕዘን ይታይ ነበር። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚለየው ከ14ኛው ሳምንት በፊት ስለሆነ የአንቺ በ13ኛው ሳምንት መታየቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ ያን ወረቀት ጠፍቶ እንዳይቀር በእርግዝና ክትትል ካርድሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ወደ ሌላ ሐኪም ብትዛወሪም መጀመሪያ የምታሳዪው እሱን ነው። ሁለቱን የልብ ምቶች ለየብቻ የሰማ አባት ከዚያ በኋላ የሚያወራው ስለ ልጆቹ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጠሮው ለምን በየሁለት ሳምንቱ እንደሆነ ሐኪሙ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ስላላስረዳሽ እኔ ላስረዳሽ፤ ሳትደናገጪ እንድትጠነቀቂ እፈልጋለሁና። በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ የሁለቱ ልጆች ደም ሥሮች በአብዛኛው እርስ በርስ ይገናኛሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሄደውና የሚመጣው ደም ስለሚመጣጠን ጉዳት አያስከትልም። ከመቶ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት እርግዝናዎች ላይ ግን ሚዛኑ ይዛባና አንዱ ልጅ ብዙ ደም ሲቀበል ሌላው ይጎድልበታል፤ የተቀባዩ የሽርት ውሃ ከመጠን በላይ ሲበዛ የሰጪው ይደርቃል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን በቀናት ውስጥ ሊባባስ ይችላል። እናት ምንም ሳይሰማት ሊጀምር የሚችል በመሆኑ በየሁለት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ውሃውን መለካት ግድ ይላል። ቀድሞ ከታወቀ የሚደረግ ነገር አለ፤ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ይላካል፣ ክትትሉ ይጠብቃል፣ የመውለጃው ጊዜም እንደ ሁኔታው ይወሰናል። አማትሽ ማሽን ሳያዩ መውለዳቸው እውነት ነው፤ በእሳቸው ዘመን ግን መንታ አርግዘው አንዱን ወይም ሁለቱንም ያጡ እናቶች ምክንያቱን ሳያውቁ አልቅሰው ቀርተዋል።

በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ሆድሽ በድንገት ቢያብጥና ቆዳው ቢወጠር፣ መተንፈስ ቢከብድሽ፣ ደም ቢታይሽ፣ ውሃ ቢፈስሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢሰማሽ፣ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ቢመላለስብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። መንታ ያረገዘች ሴት ለደም ማነስና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠች ስለሆነች የተሰጠሽን የአይረን እንክብል አታቋርጪ። የአማትሽን አጥሚት በደስታ ጠጪ፤ ከእሱ ጋር እንቁላል፣ ምስርና አሳ ቢጨመርበት ደግሞ ያማረ ነው። ልጆችሽ 40 ሳምንት እንደማይሞሉ ከአሁኑ አስቢ፤ አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ችግር ባይገጥማቸው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት እንዲወለዱ ይደረጋል፤ ብዙዎቹም ከዚያ ቀድመው ይመጣሉ። ስለዚህ የምትወልጂበት ቦታ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚችል፣ ለጨቅላ ሕፃናትም የተለየ ክፍል ያለው ሊሆን ይገባል። ሐዋሳ ስለምትኖሪ በዚህ ዕድለኛ ነሽ፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በከተማሽ ነው። አሁን የሚከታተልሽ ሐኪም ወደዚያ የሚልክሽ መቼ እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቂው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ከሚሰጡት መካከል ነው፤ የአልትራሳውንዱን ነገር ግን አስቀድመሽ አጣሪ፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚደጋገም ወጪ ከሆነ ከባለቤትሽ ጋር ከአሁኑ ልትመድቡለት ይገባል።

ሥራሽን በተመለከተ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ ከእሷ የሚጠበቀው መመርመሯን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡርን በሌሊት ፈረቃና በትርፍ ሰዓት ማሠራትም ይከለክላል፤ በእርግዝናዋ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም እንደዚሁ። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ትወስጃለሽ፤ የቅድመ ወሊዱን ፈቃድ ስታሰይ ግን 40ኛውን ሳምንት ሳይሆን ሐኪሙ የሚነግርሽን ቀን መነሻ አድርጊ። ፈቃዱን በየጊዜው በልመና መልክ ከምትጠይቂ፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ከሐኪምሽ «መንታ እርግዝና፣ አንድ እንግዴ ልጅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ክትትል ያስፈልጋታል» የሚል ደብዳቤ አጽፈሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ አስገቢና አንድ ቅጂ አስቀሪ። የቅርብ አለቃሽ ቀጠሮዎቹን በቀናቸው አስቀድማ ካወቀች መስመሩ ላይ ተተኪ ለመመደብ አትቸገርም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ መቀመጥ እግርሽን የሚያሳብጥ ከሆነም በዚያው ደብዳቤ ላይ ዕረፍት እንዲጠቀስልሽ ጠይቂ።

አማትሽን የሚያናግረው ባለቤትሽ ቢሆን እመርጣለሁ። ምራት አማቷን ስታስረዳ ክርክር ሊመስል ይችላል፤ ልጅ ለእናቱ ሲናገር ግን ይሰማል። ከሐኪም ቤት ሲመለስ «እማዬ፣ ልጆቹ ከአንድ እንቁላል የተገኙ ናቸው፤ ይህ በዘር የሚመጣ አይደለም፤ ስለ ሚስቴ የሚባለውን ከእንግዲህ መስማት አልፈልግም» ቢል ጎረቤቲቱም የእሳቸውን ፊት አይታ ትሰበሰባለች። አንቺ ደግሞ ቅያሜሽን ሳትደብቂም ሳታከሪም፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ እሳቸውን ይዘሽ ለመሄድ አስቢበት። ሁለት ሕፃናት ሲመጡ አንዱን የሚታቀፉት እሳቸው ናቸውና፣ ወደፊት ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ የምትፈልጊው የእሳቸውን እጅ ነው። ልጆቹን ሳይወለዱ በማሽኑ ቢያዩአቸው ስለ ዘር የሚነሣው ጥያቄ ራሱ የሚረሳ ይመስለኛል።

እስከ ቀጠሮው ጥያቄዎችሽን በወረቀት ጻፊ፤ ሐኪሙ ቢጣደፍም ወረቀቱን ይዘሽ ስታነቢ ይቆምልሻል። የእኔ ምክር እነዚህን አስቀድሚ ይልሻል፦ የሁለቱ ልጆች የሽርት ውሃ መጠን ዛሬ እኩል ነው? ዕድገታቸውስ? ቀጣዩ ቀጠሮ በየትኛው ቀን ነው? በመካከሉ አንድ ነገር ቢሰማኝ በሌሊት የምሄደው ወዴት ነው? የመጨረሻውን መልስ ከስልክ ቁጥሩ ጋር አጽፈሽ ለባለቤትሽም ስጪው። ከቀጠሮው በኋላ ያገኘሽውን መልስ ብትጽፊልኝ ቀጣዩን አብረን እናያለን።